ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፦ ለወይን ጠጅ ስም ሕግ ያወጡለት ባሮን

በእኛ ጊዜ የሕግ ትምህርት ቤት ለገባ ሰው ንብረት ሲባል ቀድሞ ፊቱ ላይ የሚመጣበት መሬት፣ ቤት፣ ከብትና ገንዘብ ነበር። የአንድ ወረዳ ስም ሊሰረቅ፣ ሊቸበቸብና ፍርድ ቤት ሊያቆም የሚችል ሀብት ነው የሚለውን ነገር ብዙዎቻችን ከልብ ያሰብንበት የቡናው ክርክር የመጣ ጊዜ ነው። እንደሚታወሰው ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ስታርባክስም የክርክሩ ማዕከል ሆነ፣ ከብዙ ንትርክና ድርድር በኋላ በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ያን ጊዜ ሁላችንም ስለ መብታችን አብዝተን ተናገርን። ስለ ግዴታችን የተናገረ ግን ጥቂት ነበር።

ይህን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ አንድ ፈረንሳዊ የሕግ ሰው አሉ። ባሮን ፒየር ለርዋ ደ ቧዞማሪዬ ይባላሉ። ከሞቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በወይን ጠጅ ዓለም ስማቸው ገናና ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁትን ፈረንሳዊውን ረኔ ዳቪድን የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ እንኳን እኚህን ሰው ላያውቃቸው ይችላል። ታሪካቸው የወይን ጠጅ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ዓምድ ባልመረጥኩት ነበር። የአንድ ስም ባለቤት መሆን ምን እንደሚጠይቅ የሚያስተምር ታሪክ በመሆኑ ነው ያነሣሁት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ባሮኑ የተወለዱበትን ዘመን እናስቀድም። የተወለዱት በ1890 ነው። ያን ጊዜ የፈረንሳይ የወይን ገበሬ ከትልቅ መቅሠፍት ገና እያገገመ ነበር። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የምትባል፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ከአሜሪካ በመጣ የወይን ተክል ላይ ተሳፍራ ገባች። መጀመሪያ የታየችው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሮን ወንዝ ዳርቻ አካባቢ ነበር። ሥር እየመጠመጠች ማሳውን ሁሉ አደረቀችው። መፍትሔው የተገኘው ከወደ በሽታው ምንጭ ነው። የአሜሪካ ወይን ሥር ተባይዋን ስለሚቋቋም፣ የፈረንሳይን ወይን ቅርንጫፍ ቆርጦ በአሜሪካው ግንድ ላይ ማጣበቅ ተጀመረ። ዛሬም አብዛኛው የአውሮፓ ወይን የሚበቅለው በዚህ ዓይነት በባዕድ ሥር ላይ ነው።

ማሳው ዳነ፣ ገበያው ግን ታመመ። ወይን በጠፋበት ዘመን ነጋዴው ከዘቢብ፣ ከስኳርና ከውሃ ወይን ጠጅ መሥራትን ለምዶ ነበር። እውነተኛው ወይን ተመልሶ ሲመጣ አስመሳዩ ገበያውን አልለቅም አለ። ዋጋ ወደቀ። በ1907 የደቡብ ገበሬ በመቶ ሺዎች እየሆነ አደባባይ ወጣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በናርቦን ከተማ ሰዎች በጥይት ተገደሉ፤ ከዚያው አካባቢ ልጆች የተውጣጣው የ17ኛው ክፍለ ጦር ወታደር በወገኔ ላይ አልተኩስም ብሎ አመፀ። ያን ጊዜ ፒየር ለርዋ የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ሕግ የተማሩት በዚያው በደቡብ፣ በሞንፔሊዬ ነው። የስም ማጭበርበር ሰው እስከማስገደል የሚያደርስ ነገር መሆኑን ያወቁት ከመጽሐፍ አልነበረም ማለት ነው።

ትምህርታቸውን ተከትሎ የመጣው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ለርዋ በጦር አውሮፕላን አብራሪነት ተዋጉ። ጦርነቱ እንዳበቃ በ1919 የሻቶ ፎርቲያን ቤት ልጅ አገቡ። ሻቶ ፎርቲያ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ በምትባል መንደር የሚገኝ የቆየ የወይን ርስት ነው። የሕግ ባለሙያውና የቀድሞው አብራሪ እንዲህ በጋብቻ የወይን ገበሬ ሆኑ።

ስለ መንደሪቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ሲተረጎም የጳጳሱ አዲስ ግንብ እንደማለት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከ1309 እስከ 1377፣ የካቶሊክ ጳጳሳት መቀመጫ ከሮም ወደ አቪኞን ተዛውሮ ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆኑት ዮሐንስ 22ኛ በዚህች መንደር ግንብ አሠሩ። መንደሪቱ ግን ለብዙ ዘመን ሻቶኔፍ ካልሰርኒዬ ነበር የምትባለው። የጳጳሱን ስም በይፋ የያዘችው በ1893 ነው። ስም ገንዘብ መሆኑን የመንደሩ ሰው ቀድሞውንም ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

መሬቷ ላይ ላዩን ሲያዩት እርሻ አይመስልም። ብዙው ማሳ የሰው ጭብጥ በሚያክልና ከዚያም በሚተልቅ ድቡልቡል ድንጋይ ተሸፍኗል። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ለተክሉ ይመልሳል። ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ነፋስ ሲነሳ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ በአንጻሩ ርጥበትን ጠራርጎ ስለሚወስድ ከሻጋታ ይከላከላል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ እንዳገኙ የወይን ዝርያ መትከል አይቻልም።

የአካባቢው ዋና ዝርያ ግረናሽ ነው። ነፋስና ድርቅ ይችላል፤ ዘግይቶ ይበስላል፤ ስኳሩ ብዙ በመሆኑ የአልኮል መጠኑ ከፍ ያለ ወይን ጠጅ ይወጣዋል። ነገር ግን ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ አየር ሲነካውም ቶሎ ይለወጣል። ይህን ጉድለቱን ሌሎቹ ይሞሉለታል። ሲራ ጥቁር ቀለምና ቁንዶ በርበሬን የሚያስታውስ ጠረን ይሰጣል። ሙርቬድር ሙቀት የሚወድና አዝጋሚ ሲሆን፣ ወይን ጠጁ ለረጅም ዓመት እንዲቆይ የሚያደርገውን ጠንካራ ጣዕም ያመጣል። ሳንሶ ያለሰልሳል፤ ክለሬትና ሩሳን የተባሉት ነጮቹ ዝርያዎች ደግሞ መዓዛ ይጨምራሉ። ቅይጡ ለዘመናት በልምድ የተገኘ እውቀት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት እያለ ገበሬው ምን ያገኝ ነበር? ጥቂት። ወይን ጠጁ ጠንካራ ስለሆነ ብዙው በበርሜል እየተጫነ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡርጎኝ ይሄድና የዚያን አገር ቀጭን ወይን ጠጅ ማጠናከሪያ ይሆን ነበር። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ታዲያ የቡርጎኝ ስም ነው። በሌላ በኩል የትም የተጠመቀ ወይን ጠጅ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ተብሎ ይሸጥ ነበር። መንደሪቱ ሁለት ጊዜ ተዘረፈች ማለት ነው። እውነተኛው ምርቷ በሌላ ስም ተሸጠ፤ እውነተኛ ስሟ ደግሞ በሌላ ምርት ላይ ተለጠፈ።

በ1923 የመንደሩ ገበሬዎች ወደ ባሮኑ ሄዱ። ሕግ የተማሩ ናቸውና አስመሳዮቹን እንዲከሱላቸው ፈለጉ። ታሪኩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ባሮኑ እሺ አሉ፤ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ሌላውን ከመክሰሳችን በፊት እኛው ራሳችንን በደንብ እንሰር የሚል ነበር መንፈሱ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የመንደሩ ሰው ራሱ መጥፎ መሬት ላይ ያሻውን ዝርያ እየተከለ፣ ውጭ ያለውን አስመሳይ ቢከስ ዳኛው ፊት እንደማይጸና ገብቷቸዋል። በዚያው ዓመት የወይን አምራቾቹ ማኅበር ተቋቋመ፤ ባሮኑም መሪው ሆኑ።

ከዚያ ያረቀቁትን ደንብ ዛሬም የሕግ ተማሪ ሊያነበው የሚገባ ነው እላለሁ። አንደኛ፣ ወሰኑን ሲያሰምሩ የመንደሩን አስተዳደራዊ ክልል አልተከተሉም። ጦስኝና ላቬንደር ሁለቱም በሚበቅሉበት መሬት ላይ የተተከለ ወይን ብቻ ነው ስሙን መያዝ የሚችለው አሉ። ጦስኝ የእኛም ደጋ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ድንጋያማና ደረቅ መሬት ይወዳል። እነዚህ ዕፅዋት የበቀሉበት ቦታ ለእህል ደሃ፣ ለጥሩ ወይን ግን የተመቸ ነው። ወንዝ ዳር ያለው ለም መሬት ብዙ ፍሬ ይሰጣል፤ ጭማቂው ግን ውሃ ውሃ ይላል። ባሮኑ የመሬቱን ጠባይ የሚመሰክር የማይደለል ምስክር ከዕፅዋት መካከል አገኙ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚተከሉት ዝርያዎች ተዘርዝረው ተወሰኑ። ሦስተኛ፣ ተክሉ የሚገረዝበትና የሚያዝበት መንገድ ተደነገገ። አራተኛ፣ ወይን ጠጁ ቢያንስ 12.5 በመቶ አልኮል እንዲኖረው ሆነ። አምስተኛ፣ በመከር ወቅት ከፍሬው ቢያንስ 5 በመቶው ተለቅሞ እንዲጣል ታዘዘ። ስድስተኛ፣ በዚህ ስም ሮዜ ወይን ጠጅ መሥራት ተከለከለ። የአምስተኛውን ክብደት አስቡት። ደህና ዓመትም ይሁን መጥፎ፣ ገበሬው ከለፋበት ምርት ከሃያ አንዱን በገዛ እጁ እንዲጥል የሚያዝ ደንብ ነው። ይህን እሺ ያለ ገበሬ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አቤቱታው ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

ፍርድ ቤቱ ለምን አስፈለገ? በግንቦት 1919 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ የቦታ ስሞችን ወሰን የመበየን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር። ሕጉ ግን ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ትኩረቱ ወይኑ ከየት መጣ የሚለው ላይ ብቻ ስለነበር፣ ከምን ዝርያ፣ እንዴት ተሠራ የሚለው ተዘነጋ። በመሆኑም በታወቀ ወረዳ ውስጥ መሬት ያለው ሁሉ ረግረግ ላይ እንኳን ተራ ዝርያ ተክሎ የወረዳውን ስም መጠቀም ቻለ። የባሮኑ ሙግት ከዚህ ሕግ ቃል አልፎ ይሄድ ነበር። ለስሙ ዝናን የሰጠው መሬቱ፣ ዝርያውና አሠራሩ ተባብረው ነው የሚል ነበር መከራከሪያቸው።

ሙግቱ ቀላል አልነበረም። ማሳቸው ከወሰኑ ውጭ የቀረባቸው ጎረቤቶች ተቃወሙ። ስሙን የለመዱ ነጋዴዎችም ነበሩ። ጉዳዩ በኦራንዥ ፍርድ ቤት ታየ፤ ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ ሄደው መረመሩ፤ በ1929 ተፈረደ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ እስከ ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት ሄዶ በ1933 እልባት አገኘ። ከማኅበሩ ምሥረታ እስከ መጨረሻው ፍርድ አሥር ዓመት ማለት ነው። ጥብቅና የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደንበኛን ለአሥር ዓመት በአንድ አቋም ማቆየት ከክርክሩ ራሱ ይከብዳል። እዚህ ላይ ደግሞ ደንበኛው አንድ ሰው ሳይሆን አንድ መንደር ነበር።

ባሮኑ ይህን ልምድ ለመንደራቸው ብቻ አላስቀሩትም። ዦዜፍ ካፑ የሚባሉ፣ በሙያቸው የግብርና ሰው የነበሩና በ1924 የግብርና ሚኒስትር የሆኑ የቦርዶ አካባቢ ፖለቲከኛ የ1919ን ሕግ ቀዳዳ ለመድፈን ለዓመታት ይታገሉ ነበር። በ1927 ስለ ዝርያና ስለ መሬት ዓይነት የሚናገር ማሻሻያ አስወጡ። በሐምሌ 1935 ደግሞ ሁለቱ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቁ ሕግ ወጣ። ቁጥጥር ያለበት የትውልድ ቦታ ስያሜ የሚባለው ሥርዓት የተፈጠረውና አንድ ብሔራዊ ኮሚቴ የተቋቋመው በዚህ ሕግ ነው። አዲሱ ነገር የኮሚቴው አወቃቀር ነው። ደንቡን የሚያወጡት አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ መንግሥት ደግሞ የሕግ ጉልበት ይሰጠዋል።

በግንቦት 1936 በአዲሱ ሕግ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ስያሜዎች ሲታወጁ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ከእነሱ አንዱ ነበር። ድንጋጌው 13 ዝርያዎችን ፈቀደ፤ ከ1923ቱ የባሮኑ ደንብ አብዛኛውም በውስጡ ገባ። በቀጣዩ ዓመት መንደሪቱ የጳጳሱ ዘውድና የጴጥሮስ መክፈቻ በመስታወቱ ላይ ጎላ ብሎ የተቀረጸበት የራሷን ጠርሙስ አወጣች። በ1937 ሰፊው የኮት ዱ ሮን አካባቢም የራሱን ስያሜ አገኘ፤ የዚያም ማኅበር መሪ ባሮኑ ነበሩ። ካፑ በ1947 ሲሞቱ የብሔራዊውን ተቋም ሊቀመንበርነት ባሮኑ ተረከቡ። በ1967 እስኪሞቱ ድረስም ለ20 ዓመታት መሩት። በኮት ዱ ሮን በምትገኘው በሳንት ሴሲል ሌ ቪኝ ገና በሕይወት ሳሉ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በቁሙ ሐውልት የሚሠራለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈራ ገዥ ነው፤ እኚህ ግን ገበሬ ከምርቱ ሃያኛውን እንዲጥል ያደረጉ የሕግ ሰው ናቸው።

ለሚዛናዊነት ሲባል የሚነቀፉበትንም ማንሣት ተገቢ ነው። ባሮኑ የትልቅ ርስት ጌታ ነበሩ፤ ያረቀቁት ደንብ ለራሳቸውም ጠቅሟል። ወሰን ሲሰመር መስመሩ ማዶ የቀረ ገበሬ ስንት ትውልድ ቢለፋ ስሙን አያገኝም። ደንብ ሲጠነክር ደግሞ አዲስ ሐሳብን ያፍናል። ሥርዓቱ ወደ ጣሊያን ተሻግሮ ሲሠራበት ይህ በግልጽ ታይቷል። በቶስካና አንዳንድ አምራቾች በደንቡ ያልተፈቀደ ዝርያ ወይም ቅይጥ ተጠቅመው እጅግ የተደነቀ ወይን ጠጅ ቢያወጡም፣ በ1970ዎቹ ሕጉ ለተራው የማዕድ ወይን ጠጅ በሚሰጠው ስም ነበር እንዲሸጡ የተገደዱት። ስም የሚጠብቅ ሕግ ስሙን ሊያስርም ይችላል።

ይሁንና የባሮኑ ሐሳብ ከፈረንሳይ ወጥቶ የዓለም ሕግ ለመሆን በቅቷል። በ1958 የሊዝበን ስምምነት የትውልድ ቦታ ስያሜን በዓለም አቀፍ ደረጃ አስመዘገበ። በ1994 የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮ ንብረት ስምምነት ለሁሉም ዓይነት ምርት የጂኦግራፊያዊ አመልካች ጥበቃ ሲሰጥ፣ በ23ኛው አንቀጹ ለወይን ጠጅና ለጠንካራ መጠጥ የበለጠ ጠንካራ ጥበቃ ለይቶ ሰጠ። ቡና ይህን አላገኘም። ምክንያቱ ቡና ከወይን ያነሰ ስለሆነ አይደለም። የወይን ገበሬዎቹ ቀድመው ስለተደራጁና ቤታቸውን ቀድመው ስላጸዱ፣ ድርድሩ ላይ የተዘጋጀ ሥርዓት ይዘው ስለቀረቡ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2005 ኢትዮጵያ ከጂኦግራፊያዊ አመልካች ይልቅ የንግድ ምልክትን መንገድ መረጠች። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። የእኛ ቡና የሚለማው በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ አነስተኛ ገበሬዎች ጓሮና ማሳ ነው፤ እያንዳንዱን መሬት ለክቶ፣ ዝርያ መዝግቦ፣ አሠራር መቆጣጠር የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ነው። የንግድ ምልክት ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ መብቱን ይሰጣል። ኮሎምቢያ በበኩሏ በሌላኛው መንገድ ሄዳ በዚያው በ2007 የቡናዋን ስም በአውሮፓ ኅብረት በጂኦግራፊያዊ አመልካችነት አስመዘገበች።

የእኔ ክርክር የተመረጠው መንገድ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በሆነው ላይ ነው። በ2007 ስሞቹን አስከበርን። በ2008 መጨረሻ ቡና በምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር ከየቀበሌው የመጣው ቡና በደረጃና በሰፊ አካባቢ እየተመደበ አንድ ላይ ይገባ ጀመር። ገበያው ለገበሬውና ለነጋዴው የዋጋ መረጃና የክፍያ ዋስትና ማምጣቱ አይካድም። ነገር ግን ገዥው ይህ ጆንያ ከየትኛው ማሳ መጣ ብሎ ሲጠይቅ መልስ ማግኘት ከበደው። ቡናውን ወደ ምንጩ መከተል የሚያስችለው ማሻሻያ የመጣው በ2017 ነው። ስሙን ከባዕድ ካስጠበቅን በኋላ በገዛ መጋዘናችን አደባለቅነው ማለት ነው። ባሮኑ መጀመሪያ የመለሱትን ጥያቄ እኛ መጨረሻ ላይ አመጣነው።

ሌላም ወይን ነክ ጉዳይ ደጃችን ላይ አለ። ከ2014 ጀምሮ በባቱ (ዝዋይ) ከተተከለ ወይን የተሠራ፣ ስምጥ ሸለቆን በእንግሊዝኛ ስሙ የሚጠራ ወይን ጠጅ ገበያ ላይ አለ። ከዝርያዎቹም አንዱ ያው የሮን ዳርቻው ሲራ ነው። ጉደር የሚለውን ስም ከከተማዋ ይልቅ በጠርሙስ ላይ ያወቀው ሰውም ጥቂት አይደለም። ነገ ሌላ ባለሀብት መጥቶ እነዚህን ስሞች ቢለጥፍ ምን ዓይነት መሬት፣ ምን ዝርያ፣ ምን አሠራር ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? ይህ ለሕግ ባለሙያዎቻችን የተተወ የቤት ሥራ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የባሮን ለርዋ ስም ከመቃብር በላይ የዋለው አስመሳዮችን በፍርድ ስለረቱ ብቻ አይመስለኝም። ስማችን ተሰረቀ ብለው የመጡትን ገበሬዎች፣ ሌላውን ከመክሰሳቸው በፊት ለስማቸው ሲሉ ከምርታቸው እንዲጥሉ ማሳመን በመቻላቸው ነው። እኛስ ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋጨፌ ስም ስንል ለመጣል የተዘጋጀነው ሃያኛ የትኛው ነው?